ማሽኑ ዝም ያለበት ቀን

ጨርቁን በሁለተኛው እጥፋት ላይ ስትገልጠው እጇ አየር ላይ ቀረ።

ነጭ ነገር ናት፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ስስ፣ አንድ ጎኗ ክብ የመሰለ። በቅዳሴ ጊዜ ጽዋውና ኅብስቱ የሚያርፉበት አራት ማዕዘን ጨርቅ መሀል፣ በቀይ ክር ከተጠለፈችው መስቀል አጠገብ ቁጭ ብላለች። አጣቢዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፣ መልሳ አወረደች፣ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ እንዳያበናት ፈርታ አፏን በእጇ ጀርባ ከደነች።

“ጌታዬ” አለች። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል አላወቀችም።

ለሠላሳ አንድ ዓመት በየማክሰኞው የመሠዊያውን ጨርቆች አጥባለች። ሥራው የራሱ ወግ አለው። ከሌላ ሰው ልብስ ጋር አይቀላቀሉም። መጀመሪያ ለእነሱ ብቻ በተለየ የሸክላ ሳህን፣ በንጹሕ ውሃ ይነከራሉ፤ ያ የመጀመሪያው ውሃ ደግሞ ቱቦ ውስጥ አይደፋም። ጨርቁ ላይ የተቀደሰ ነገር ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ጓሮ ካለው ሎሚ ሥር፣ እግር ከማይረግጠው አፈር ላይ ይፈስሳል። ሳሙናው፣ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው አሚዶ፣ ካውያው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ በዚህ ሲቀልድ “ይሄ ሎሚ ከእኔ የበለጠ ቆርቧል” ይላል። የቀልዱ ግማሽ እውነት ስለሆነ እሷ አንድም ቀን ስቃበት አታውቅም።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጨርቆቹ ላይ የሰም ጠብታ አይታለች፣ የወይን እድፍ አይታለች፣ አንዴም ያንድ ሽማግሌ ካህን የደም ግፊት ክኒን ተጠቅልሎ አግኝታለች። ይሄን ግን አላየችም። ካህናቱ ጨርቁን ከመላካቸው በፊት ቅንጣት እንዳትቀር አጥብቀው ይመለከቱታል። አዲሱ አባ ግን ወጣት ናቸው፤ እጃቸው ፈጠን ይላል። እሷም ብትሆን ስለ ዐይኗ መማል አትችልም፤ መነጽሯ ተሰብሮ ከጥገና የተመለሰላት ገና ባለፈው ሐሙስ ነው።

“ምነው?” አለ ባሏ ከጓዳ። “ማንን ነው የጠራሽው?”

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ፤ የኋለኛው እሱ የተኛበት። በመሀላቸው ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ እዚህ የተነፈሰ እዚያ ይሰማል። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መሪ ከጨበጠ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ ዛሬም “ሾፌሩ” ነው የሚለው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስትሮክ ግራ ጎኑን ይዞት አልጋ ላይ ውሏል፤ ሥራ ፈት ላለመባል በደህና እጁ የአሚዶውን ጎድጓዳ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ያማስልላታል።

አልመለሰችለትም። ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣችና የቁምስናው ቢሮ ደወለች።

“አቤት እማማ” አለች ፀሐፊዋ።

“አባ አሉ?”

“የሉም፤ የካህናት ስብሰባ ሄደዋል። ምነው?”

“ጨርቁ ላይ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ቅንጣት ይመስለኛል።”

“የምን ቅንጣት?”

“የምን ትሆናለች ልጄ፤ የቅዱስ ቁርባን ነዋ!”

“ይጠብቁኝ፤ መልሼ እደውልልዎታለሁ” ብላ ፀሐፊዋ ዘጋች። ስልኩ እስኪጠራ ድረስ አጣቢዋ ደጃፉ ላይ ቆማ በአንድ ዐይኗ ጠረጴዛውን ስትጠብቅ ቆየች። ንፋስ እንዳይገባም በሩን ገርበብ አደረገችው።

“አግኝቻቸዋለሁ” አለች ልጅቷ። “ማንም እንዳይነካው ብለዋል። በላዩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑበት። ከስብሰባው በቀጥታ እርስዎ ቤት ነው የሚመጡት።”

“ስንት ሰዓት?”

“አሥራ ሁለት ሳይሞላ።”

ሰዓቱን አየች። ሦስት ተኩል ነው።

ወደ ውስጥ ገባች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ከቁምሳጥኑ ሥር ለማንም አውጥታው የማታውቀውን፣ በሠርጓ የተሰጣትን የሐር ሻርፕ አወጣች። በቅንጣቷ ዙሪያ አራት የክር ማጠንጠኛ አቁማ፣ እንዳይነካት አድርጋ ሻርፑን ከላይ ዘረጋችው። ሻማ ለኮሰች። ካውያውን ከሶኬት ነቀለች። ከዚያ ዞር ስትል ማሽኑን አየችው።

ማሽኑ አሮጌ ነው። ሲዞር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ በገዛ እግሩ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው “ጀመረች” ይላል። ሆዱ ውስጥ የፀጉር ሠሪዋ ሃያ አራት ፎጣ ከነሳሙናው ተጭኖ ቁልፏን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ቢዞር ጠረጴዛው ይነቃነቃል። ባይነቃነቅ እንኳ፣ ጌታ ራሱ ቤት ውስጥ እያለ ይሄን ሁሉ ሁካታ ማን ይደፍራል? ማሽኑን ተወችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህ ቤት በሥራ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ባሏ ጸጥታው አስደነገጠው።

“ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?”

“አልተበላሸም።”

“ታዲያ ምነው ዝም አለ?”

“እንግዳ አለብን።”

“ማን?”

ነገረችው። በኮምፔርሳቶው በኩል፣ በዝግታ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

“እዚህ ቤት?” አለ።

“እዚህ ቤት።”

“የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ?”

“ታዲያ የት ላስቀምጠው? ሳሎን አለን እንዴ?”

ሊስቅ መስሏት ነበር፤ አልሳቀም። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ገባት። ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ከሾፌሩ የምታውቀው መልስ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቀበለው የኖረችው እሱኑ ነው።

አንድ ልጅ ነበራቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ፣ ጋቢና ውስጥ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። አባት ግንባሩን ተጭሮ ወጣ፤ ልጅ አልወጣም። ለፖሊስ የተነገረው ይኸው ነው፤ ለእሷም የተነገራት ይኸው ብቻ ነው። ልጇ ምን እንዳለ፣ ፈርቶ እንደሆነ፣ ጠርቷት እንደሆነ፣ ሲሞት አባቱ እጁን ይዞት እንደሆነ አታውቅም። በጠየቀችው ቁጥር ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በመታሰቢያው ቅዳሴ ሰዉ ለቁርባን ሲነሣ እሱም ተነሣ፤ ግን ወደ መሠዊያው ሳይሆን ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠም።

ስለዚህ አጣቢዋ በየቀኑ የምትለምነው ሁለት ነገር ነው። ባሏ እንደወጣ እንዳይቀር፤ እሷም ልጇ ያን ቀን ምን እንዳለ ሳትሰማ እንዳትሞት። የትኛውን አስቀድማ እንደምትለምን ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ መልሱን ስለምትፈራው ይሆናል።

ዱካዋን ስባ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን ያዘች።

“አንቺ” አለ ባሏ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

“አቤት።”

“በሩን ክፈቺው።”

በመሀል ያለው በር ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ የካውያው እንፋሎት ደረቱን ያፍነዋል። ዛሬ እንፋሎት የለም። ተነሥታ ከፈተችው። ፊቱን ከግድግዳው መልሶ፣ በደህና ክንዱ ተደግፎ አንገቱን አቅንቶ ወደ ጠረጴዛው ይመለከት ነበር። ሻማውን አየ፤ ሻርፑን አየ።

“የሠርግሽ ሻርፕ አይደለም?”

“ነው።”

“ለእኔ አንድ ቀን ለብሰሽው አታውቂም።”

“አንተ መቼ እንግዳ ሆነህ መጣህ?”

ይሄኔ ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር። ከንፈሩ አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ሁሉ ተላወሰና ተወው። ምን ሊል እንደነበር የገባት ማታ ላይ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ፀጉር ሠሪዋ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን እያንቋቋች መጣች።

“እትዬ! ፎጣዬስ?”

አጣቢዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ “ቀስ!” አለቻት።

ፀጉር ሠሪዋ ሻማውን አየች፣ የአጣቢዋን ባዶ እግር አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። “ውይ! ሰው ሞተ እንዴ?”

“አልሞተም። ማለቴ… ሞቶ ነበር። ተነሥቷል።”

“እትዬ፣ ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ። ፎጣሽ ዛሬ ማታ እንጂ አሁን አይደርስም። ማሽን አላዞርም።”

“እንዴ! አራት ሙሽራ ነው ያለብኝ እኮ! በምኔ ላድርቃቸው፣ በቀሚሴ?” ድምፅዋ ከፍ አለና ራሷ ሰምታው አወረደችው። “ማዶ የተከፈተው ቤት እኮ በአንድ ሰዓት አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጥፎ ይሰጣል። ላንቺ ብዬ ነው እስከ ዛሬ።”

“ዐውቃለሁ። ካስቸኮለሽ ውሰጃቸውና እዚያ አሳጥቢ፤ አልቀየምሽም።”

ይህን ያለችው ከአንጀቷ ነው። የፀጉር ሠሪዋ ፎጣ ከሄደ የሳምንቱ እንጀራዋ ግማሽ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ሆኖም ዛሬ ነገሩ ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ የጎረቤት ወሬ ሆኖባታል። ፀጉር ሠሪዋ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ ወደ ሻርፑ ተመለከተች።

“እኔ የናንተን አላውቀውም” አለች በሹክሹክታ። “ግን ምንድን ነው እሱ?”

“የምንወደው ነው።”

ሴትዮዋ ምን እንደተሰማት እንጃ፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። “እሺ፤ ማታ እልካለሁ። ከቤቴ ያለውን አብቃቃለሁ” አለችና ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ የኋሊት እየተራመደች ወጣች። ጥግ እስክትደርስ መንገዱን በባዶ እግሯ ነው የሄደችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አጣቢዋን ቢጠይቋት መመለስ አትችልም። ጓሮ ከተሰጡት አንሶላዎች የነጠረ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኛ፤ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ወጣ፤ የመደርደሪያውን ሳሙናዎች አንድ በአንድ ነካ። መንገድ ላይ ሰው ይጠራራል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ የሆነ ቦታ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ሁሉም ውሃ ውስጥ ሆና የምትሰማው ይመስላል። መቁጠሪያዋን ጀመረችና የት እንደደረሰች ጠፋት። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ጠፋት። ሦስተኛ ጊዜ መቁጠሩን ተወችው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ደስ አላት። በሕይወቷ ሙሉ ጌታ ዘንድ የምትሄደው እሷ ነበረች፤ የሚያቃጥል እግሯን እየጎተተች፣ ሥራ ከምራ እየመጣች፣ ለመመለስ እየቸኮለች። ዛሬ እሱ ራሱ እድፍና ሳሙና ከሚሸትበት ቤቷ መጥቶ፣ እንደ ዘመድ፣ የሚቸኩልበት ሳይኖር ተቀምጧል። ምን ታቅርብለት? ምንም የላትም። ጸጥታ አቀረበችለት።

አንድ ጊዜ ሸለብ አደረጋት። ልጇ በጓሮው በር ገብቶ፣ አንሶላዎቹን በራሱ እየገፋ፣ “እማ፣ ነጩ ሸሚዜ ደርቋል?” አላት። “ትንሽ እርጥበት አለው፤ ጠብቅ” አለችው። “እሺ፤ እጠብቃለሁ” አለና ዱካው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ስትነቃ ባሏ እያያት ነበር።

“ስሙን ጠራሽው” አላት።

“ተኝቼ ነበር።”

“ዐውቃለሁ።” ወደ ሻርፑ ተመለከተ። “ለእሱ… ለእንግዳው፣ ስለ ልጁ ትነግሪዋለሽ?”

“በየቀኑ።”

“ስለ እኔስ?”

“ስላንተም።”

“ስንተኛ ላይ ነው ስሜ?”

“ዛሬ ከፀጉር ሠሪዋ ቀጥሎ ነበርክ። አራት ሙሽራ አለባት።”

“ይገባታል” አለ ሾፌሩ። ዐይኑን ከሻርፑ ላይ አልነቀለም። “ከባድ ነው እሱን ፊት ለፊት ማየት። እኔ ከሩቅ አየዋለሁ ብዬ ነበር በሩን ያስከፈትኩት። ይሄ ክፍል ግን ሩቅ የለውም።”

መንገድ ላይ ከባድ መኪና አለፈ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ሾፌሩ እንደ ድሮው ጆሮውን አቁሞ ሞተሩን አዳመጠ፤ ማርሽ ሲቀየር ደህና እጁ አልጋ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰች።

“ያን ቀን…” አለ።

ያን ቀን ብሎ ጀምሮ አያውቅም። መኪናው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ባሏም ከእሱ ጋር አብሮ እየራቀ ነው፤ ፊቱ ሲዘጋ ታየዋለች። ያኔ መታገሥ አቃታት። ከዱካዋ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች።

“ያን ቀን ምን? ንገረኝ። እሱ ፊት ነው ያለኸው፤ ዛሬ ካልነገርከኝ መቼ ልትነግረኝ ነው? ልጄ ምን አለ?”

ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ወዲያው አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ቀኑን ሙሉ ጫማ አውልቃ፣ ሻማ አብርታ ያከበረችውን እንግዳ ለገዛ ነገሯ ምስክር አድርጋ ጎተተችው። ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ተንበረከከች። “ይቅር በለኝ” አለች፤ ለማን እንደሆነ ሁለቱም ሊወስዱት ይችላሉ። ሾፌሩ ግን አልዞረም። እስከ ማታ ድረስ በመሀላቸው ቃል አላለፈም።

አባ የመጡት ብርሃኑ ከሳሙናዎቹ ላይ ሊወርድ ሲል ነው። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ቢሆናቸው ነው፤ የልጇ እኩያ። የመንገድ አቧራ ሱሪያቸው ጫፍ ላይ አለ። ሻማውንና ሻርፑን ሲያዩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ጫማቸውን ከእሷ ጫማ አጠገብ አወለቁና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ከተነሡ በኋላ ሻርፑን ገለጥ አድርገው ብዙ አዩ።

“ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበሩ እናቴ?”

“የት እሄዳለሁ አባ?”

“የእኔ ጥፋት ነው። እሑድ ቸኩዬ ነበር።” እንደገና ጎንበስ አሉ። “ቅንጣት ትመስላለች። ግን…”

“አባ!” አለ ሾፌሩ ከጓዳ።

ሁለቱም ዞሩ።

“አሚዶ ነው።”

“ምን አልክ?” አለች አጣቢዋ።

“አሚዶ ነው አልኩ። ባለፈው ማክሰኞ ሳማስል እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጓጉሏል። በጣቴ የቻልኩትን አፍርጬ፣ የቀረውን ዝም ብዬ ሰጠሁሽ። አንቺም መነጽርሽ ጥገና ቤት ነበር፤ ሳታዪው ተኮስሽው። ጠዋት ክብ ነገር ስትይ ወዲያው ነው የጠረጠርኩት።”

“ወዲያው!” ድምፅዋ ሰለለ። “ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ቀኑን ሙሉ ጉልበቴ እስኪላጥ ለአሚዶ ስሰግድ እያየህ?”

“መጀመሪያ ጓጎለብኝ ማለት አሳፈረኝ።” አለ ሾፌሩ። “በኋላ ደግሞ… ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ማሽን የለም፣ ጩኸት የለም። አንቺ ስትቀመጪ አይቼሽ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንደቆምሽ ነሽ። ብናገር ጸጥታው ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። አብሬሽ ልቀመጥ ፈለግሁ።”

አጣቢዋ ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣዋን ፈለገችው፤ አጣችው። በምትኩ ኀፍረት መጣ። “አባ፣ እኔ ሞኝ ነኝ” አለች።

“እኔም አሚዶ መሆኑን አላውቅም” አሉ አባ። “ባለቤትዎ ጠረጠሩ እንጂ አላዩም። ስለማላውቅ እንደ ቅዱስ ቁርባኑ አድርጌ ነው የምይዘው። ንጹሕ ውሃ ይስጡኝ።”

በብርጭቆ አቀረበችላቸው። አባ ጨርቁን በብርጭቆው አፍ ላይ በቀስታ አዘንብለው ቅንጣቷን ወደ ውሃው አስገቧት። ትንሽ ተንሳፈፈችና ሰመጠች።

“ስትሟሟ ሎሚው ሥር ያፈሱታል፤ እንደሁልጊዜው። ስለ ሞኝነቱ ደግሞ፣ ለማን እንደሰገዱ እርስዎ ያውቃሉ። የተሰገደለትም አድራሻው አይጠፋውም።”

ሾፌሩ ከጓዳው በደህና ክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

“አባ፣ የአሚዶውን ነገር አንዴ ከተናገርኩ አይቀር…” አለ። “ሌላም አለ። የቆየ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ጊዜ አለዎት?”

“አለኝ አባቴ።”

ሾፌሩ ይህን ‘አባቴ’ ሲሰማ ደህና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። አባ ከኪሳቸው ሐምራዊውን የኑዛዜ ጨርቅ አውጥተው ሳሙት፤ አንገታቸው ላይ አደረጉት። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለእሷ ምንም አላሏትም፤ ይውጡ አላሏትም፣ ይቀመጡም አላሏትም። ባሏ ግን ከእጁ ሥር አያት። አስተያየቱ የልመና ነበር፤ የምን ልመና እንደሆነ ከእሱ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በሩን ዘጋችላቸው።

ዘግታውም እዚያው ቆመች። በሩ ከኮምፔርሳቶ ነው። እግሯ እምቢ አላት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመነችው ነገር ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። መጀመሪያ የአባ ዝቅ ያለ ጸሎት መጣ። ከዚያ የባሏ ድምፅ፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ፣

“ልጄ ያን ቀን፣ ቁልቁለቱን ሳንጀምር…”

አጣቢዋ ዐይኗን ጨፈነች። ቀጣዩ ቃል እየመጣ ነው። ለእሷ ግን አልነበረም የሚነገረው። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ እጇ ቀኑን ሙሉ ያልነካችውን ቁልፍ አግኝታ ተጫነችው።

ማሽኑ አጓራ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ተንኳኳ፣ ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው “ጀመረች” ሳይል አልቀረም። የባሏ ድምፅ በፎጣዎቹ ውስጥ ሰጠመ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ መሄድ ሲጀምር በሁለት እጇ ከደረቷ ጋር ያዘችውና ዱካው ላይ ተቀመጠች። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም፤ ዝም ብላ አፈሰሰችው።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ዞረ። ሲያቆም ቤቱ በድንገት ባዶ ሆነ፤ በኮምፔርሳቶው ወዲያም የሰው ድምፅ አለ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያለቅስ፣ ገና ያልጨረሰ። የፀጉር ሠሪዋ ፎጣዎች ታጥበዋል፣ ተጨምቀዋል፤ አውጥቶ ማስጣት ብቻ ነው የቀረው።

አጣቢዋ ብርጭቆውን እንደያዘች ተነሣችና ማሽኑን እንደገና አዞረችው።